የኡራኤል ዝናብ ለምን ባሕር አያይም?

ሐምሌ ላይ በአዲስ አበባው ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚያርፈው ዝናብ መጨረሻው የት ነው? መንገደኛ ቢጠይቁ «ወደ ቦዩ ነዋ» ይልዎታል። ከቦዩስ በኋላ? «ወደ ወንዙ።» ከወንዙስ? እዚህ ላይ መልሱ ይሳሳል፤ አብዛኛው ሰው «ዞሮ ዞሮ ባሕር መግባቱ አይቀርም» ብሎ ይገላገላል። ግምቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ የዓለም ትልልቅ ወንዞች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸውና። የኡራኤል ዝናብ ግን ባሕር አያይም። አዋሽ ውስጥ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ ሲደርስ እዚያው ያልቃል። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ ከዚያም አልፎ አንድ ወንዝ «ጀመረ» ወይም «አለቀ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

መነሻችን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፦ ውሃ ቁልቁል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የወደቀ ዝናብ መንገዱን የሚያገኘው ከመሬቱ ማዘንበል ነው። ዝናባቸው ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድ ቦታዎች በአንድነት የዚያ ወንዝ ተፋሰስ ይባላሉ። ወደ ዋናው ወንዝ የሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ገባር ይባላሉ። አንዱን ተፋሰስ ከሌላው የሚለየውን ከፍታ ደግሞ የውሃ መለያ ሸንተረር እንበለው። በእነዚህ ሦስት ቃላት ብዙ መንገድ እንሄዳለን።

አዲስ አበባ የተሠራችው ከእንዲህ ያለ ሸንተረር ሥር ነው። ከኡራኤል ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የሚታየው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው እንጦጦ የውሃ መለያ ነው። ከአናቱ ወደ ሱሉልታ በኩል ያጋደለው ዝናብ ወደ ሙገር ይወርዳል፤ ሙገር ወደ ዓባይ፤ ዓባይ በሕዳሴ ግድብ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ግብፅ፣ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር። ከዚያው አናት ወደ ከተማው ያጋደለው ግን የአዋሽ ነው። አንድ ክንድ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ወደ እስክንድርያ፣ ሌላው ወደ አፋር በረሃ መንገድ ሊጀምሩ ይችላሉ። የእንጦጦ ነገር ለብቻው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ደሴም እንዲሁ ናት። ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለው ውሃ በበሽሎ በኩል ዓባይን ሲቀላቀል፣ በምሥራቅ ያለው በቦርከና አድርጎ ኮምቦልቻን አልፎ አዋሽ ይገባል። ለዚህ ነው የምሥራቅ ወሎና የኡራኤል ዝናብ በስተመጨረሻ አንድ ቦታ የሚገናኙት።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በኡራኤልና በካዛንቺስ አካባቢ ያለው ጎርፍ ከእንጦጦ በሚመጡት በቀበናና በባንተይቀጡ ወንዞች በኩል ወደ ደቡብ ይሄድና ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል። የከተማው ምዕራባዊ ክፍል ደግሞ በትንሹ አቃቂ ይወርዳል። ሁለቱ አቃቂዎች ከከተማው በታች፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተተከለበት ቦታ ነው፤ የተሠራው በ1930ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በታች አቃቂ አዋሽን ያገኛል። እግረ መንገዴን አንድ የሚያደናግር ነገር ላስጠንቅቅ፦ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ቀበና የሚባል ሌላ ወንዝም አለ፤ እሱ ከሰሜን ሸዋ ከፍታ ወርዶ ከሰም አጠገብ ወደ አፋር የሚገባ ነው። ካርታ ላይ «ከሰም ቀበና» የሚል ቢያዩ የካዛንቺሱን ቀበና እንዳይፈልጉ።

ውሃው ምን ያህል ነው? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወደቀ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ልክ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ በዓመት 110,000 ሊትር ያህል ይቀበላል ማለት ነው። ጣሪያና አስፋልት ውሃ አይመጥጡም፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቦይ ይገባል። አፈርና ሣር ግን ከፊሉን ይመጥጣሉ፤ የተመጠጠው ውሃ ወደ ታች ሰርጎ በአፈርና በድንጋይ ስንጥቆች መካከል የከርሰ ምድር ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያም በዝግታ፣ ሳምንታትና ወራት ወስዶ፣ ዝቅ ባለ ቦታ መልሶ ብቅ ይላል። ያ ብቅ ያለበት ቦታ ምንጭ ነው። ጥር ላይ፣ ዝናብ ከቆመ ከወራት በኋላ፣ ወንዝ ለምን እንደሚፈስ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ በጥር የምናየው ውሃ የክረምቱ ዝናብ ነው፣ በመሬት ውስጥ ዘግይቶ የመጣ።

ይህን ከያዝን «አዋሽ የት ይጀምራል?» ወደሚለው መሄድ እንችላለን። የትምህርት ቤቱ መልስ ጊንጪ ነው። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፣ በምዕራብ ሸዋ ደንዲ ወረዳ፣ ጪሊሞ ደንና ዋርቄ ተራራ ያሉበት አካባቢ። ውሃው ከዚያ ተነስቶ ወደ በቾ ሜዳ ይወርዳል፤ በርጋና ሆለታ ወንዞችም ወደዚያው ሜዳ ይመጣሉ። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ የእንጦጦም ውሃ አዋሽ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ለምን «አዋሽ ከእንጦጦ ይነሳል» አንልም?

ለዚህ ጥያቄ ተፈጥሮ ራሷ መልስ አልሰጠችም። ወንዝ ወደ ላይ ሲከተሉት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ «የቱ ነው ዋናው?» ብሎ የሚወስን ሰው ነው። ለመወሰን ሦስት መመዘኛዎች ያገለግላሉ። አንደኛው ርዝመት ነው፤ ከመጨረሻው እጅግ የራቀው ጫፍ መነሻ ይባላል። ሁለተኛው የፍሰት መጠን ነው፤ በመገናኛው ላይ ብዙ ውሃ ያመጣው ክንድ ዋና ይሆናል። ሦስተኛው ስም ነው፤ የአገሩ ሰው የወንዙን ስም እስከ የት ድረስ ይዞት ሄደ? በአዋሽ ጉዳይ ርዝመትና ስም ይስማማሉ፤ ከጊንጪ የሚመጣው ክንድ ከአቃቂ ይልቅ ይረዝማል፣ ስሙንም ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ስለዚህ ጊንጪ ያለ ብዙ ክርክር አሸነፈ። መመዘኛዎቹ የማይስማሙበት ወንዝ ሲገጥም ግን ክርክሩ መቶ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ዓባይን እንይ። በእኛ ዘንድ መነሻው ጎጃም ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። ከዚያ ምንጭ ግልገል ዓባይ ተነስቶ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከጣና ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ይወጣል። በሳይንሱ አነጋገር ጣና የሚቀበለው ውሃ ከብዙ ገባሮች ነው፤ «ዓባይ ከጣና ይነሳል» የሚል ሰውም አልተሳሳተም። የናይል መነሻ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አውሮፓውያኑ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ላይ ቆመው የናይልን ምንጭ አየን አሉ። በኋላ የመጡት ርዝመትን መዝነው ነጭ ዓባይን፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅም አልፈው በሩዋንዳና በቡሩንዲ ተራሮች ያሉትን የካጌራ ወንዝ ጫፎች መነሻ አደረጉ። በውሃ መጠን ከተመዘነ ደግሞ ግብፅ ለሚደርሰው ናይል ከግማሽ በላይ የሚያዋጣው የእኛው ዓባይ ነው። ርዝመት ወደ ደቡብ ያመለክታል፣ የውሃ መጠን ወደ ጎጃም። ሁለቱም ወገን መሬቱን በትክክል ነው ያነበበው፤ የተለያየው የያዘው መመዘኛ ነው። በእኔ እይታ የወንዝ መነሻ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ስምምነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ደግሞም መነሻው አይረጋም። በክረምት ምንጮች ሲሞሉና ቦዮች ሁሉ ውሃ ሲይዙ የወንዙ ራስ ሽቅብ ይወጣል፤ በበጋ የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ሲል የላይኞቹ ምንጮች ይደርቁና ራሱ ወደ ታች ይሸሻል። ስለዚህ የካቲት ላይ የሚነሳበት ቦታና ነሐሴ ላይ የሚነሳበት ቦታ አንድ አይደሉም። ጊንጪ ዙሪያ ሌላም ነገር አለ። በደንዲና በወንጪ ተራሮች አካባቢ ሦስት ተፋሰሶች ይዋሰናሉ፤ ከዚያ የሚነሳው ውሃ በአምቦ በኩል ወደ ጉደርና ዓባይ፣ በወሊሶ በኩል ወደ ጊቤና ኦሞ፣ በበቾ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከሦስቱ ባሕር የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አዋሽም እንደዚያው ነው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ታች መከተል ይኖርብናል።

በቾ ለጥ ያለ ነው፤ ውሃው ይዘገያል፣ በክረምትም ሜዳው ላይ ይተኛል። ከዚያ በመልካ ቁንጡሬ ያልፋል፤ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በብዛት የተገኘበት የወንዝ ዳር ነው። እስከዚህ ድረስ አዋሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሄድ ነበር፤ በዚሁ ቢቀጥል ወደ ባሌና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያመራ ይመስል ነበር። ነገር ግን ቆቃ አካባቢ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ስምጥ ሸለቆ ማለት መሬት በግራና በቀኝ ሲሳብ ተሰንጥቆ መካከሉ የሰመጠበት ረጅም ጎድጓዳ ነው። በምዕራብ የሸዋ፣ በምሥራቅ የአርሲና የሐረርጌ ከፍታዎች እንደ ግድግዳ ስለቆሙ፣ አዋሽ የሸለቆውን ወለል ከመከተል ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ይታጠፍና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በፈንታሌ ተራራ ሥር፣ በአዋሽ ፏፏቴ፣ በገዋኔ አድርጎ ወደ አፋር ይወርዳል።

ቆቃ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከዚህ በታች ያለውን አዋሽ የለወጠው እሱ ነውና። ግድቡ የተጠናቀቀው በ1960 ነው፤ ገንዘቡ ጣሊያን ለኢትዮጵያ ከከፈለችው የጦር ካሣ የመጣ ነበር። ከግድቡ በፊት አዋሽ በክረምት ይሞላ፣ በበጋ ይሳሳ ነበር፤ ግድቡ ክረምቱን አስቀምጦ በጋ ላይ ይለቃል። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ሲመጣ መብራት ማመንጨት ይቻላል፤ በመስኖ ማረስም ይቻላል። በ1954 ሥራ የጀመረው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አስቀድሞ ነበር፤ ከግድቡ በኋላ ግን የመተሐራ ሸንኮራ፣ የመልካ ወረርና የተንዳሆ ጥጥ ተስፋፉ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመውም ይህን ልማት ለመምራት ነው። ትርፉ እውነተኛ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ክረምት ላይ የሚጥለቀለቀው የወንዝ ዳር ሜዳ ለአፋር አርብቶ አደር በበጋ የከብት ማምለጫ ነበር፤ እርሻው የወሰደው በአብዛኛው ያንኑ መሬት ነው። ስለ አዋሽ ሲነገር ይህ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ መታለፍ ግን አልነበረበትም።

ግድብ ሌላም ነገር ይይዛል። ፈጣን ውሃ አፈር ይሸከማል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ የተሸከመውን ይጥላል። የተጣለው ደለል ይባላል። ወንዝ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ በአንዴ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሸዋ እርሻ አፈር ቆቃ ወለል ላይ እየተከመረ ሐይቁ መጀመሪያ ከነበረው ይዞታ ትልቅ ክፍል አጥቷል። የከተማውም ቆሻሻ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። አባ ሳሙኤልን ያዩ ሰዎች በእምቦጭ አረም ተሸፍኖ ያውቁታል፤ እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየውም ጣና ላይ አይደለም፤ በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። አረሙ የሚወፍረው ከፍሳሽና ከማዳበሪያ በሚመጣ ምግብ ነው።

ከመተሐራ በታች ደግሞ አዋሽ ከሌሎች ወንዞች የሚለይበት ጠባይ ይታያል። ዝናብ ባለበት አገር ወንዝ በሄደ ቁጥር ይወፍራል፣ ገባሮች ይጨምሩለታልና። አዋሽም ከምዕራብ ከሰም፣ ቦርከና፣ ሚሌ፣ ሎግያ ይገቡለታል፤ ሁሉም ከሸዋና ከወሎ ከፍታ የሚመጡ ናቸው። ነገር ግን በሸለቆው ወለል ላይ ያለው ዝናብ ከደጋው ጋር አይወዳደርም፤ አሳይታ አካባቢ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ፀሐዩ በተቃራኒው ብርቱ ነው። ወንዙ ገዋኔ አካባቢ ረግረግ ላይ ሲተኛ ይተናል፣ ወደ አሸዋ ይሰርጋል፣ ወደ ሸንኮራና ጥጥ ማሳ ይቀየሳል። ስለዚህ አዋሽ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ይከሳል። በሐዳር፣ ድንቅነሽ በ1974 በተገኘችበት ደረቅ ኮረብታ አጠገብ የሚያልፈው፣ አረንጓዴ የዛፍ መስመር ይዞ በረሃ የሚያቋርጥ ወንዝ ነው።

ተንዳሆና ዱብቲ ላይ አዋሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይጠመዘዝና አውሳ ይገባል። እዚህ ውሃው ይከፋፈላል፤ ደለሉን ይዘረጋል፤ ዴልታ ይሠራል። አብዛኛው ሰው ዴልታ የባሕር ዳር ነገር ይመስለዋል፤ የአውሳ ዴልታ ግን ከባሕር ርቆ በበረሃ መካከል ያለ ነው። ዘመናት ያስቆጠረው የአውሳ ሱልጣኔት የኖረው በዚህ ደለል ላይ ነው። ከአውሳ በታች ውሃው በተከታታይ ትናንሽ ሐይቆች፣ በአፋምቦ፣ በጋርጎሪና በሌሎችም አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አቤ ሐይቅ ይገባል። አቤን ኢትዮጵያና ጅቡቲ ይጋሩታል። ከአቤ የሚወጣ ወንዝ የለም።

ይህን መጨረሻ ለውጪው ዓለም በዝርዝር ያሳወቀው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው። በ1933 ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ ወንዙን እየተከተለ አውሳን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ በ1934 ታጁራ ወጣ። የአውሳ ሰዎችማ ወንዛቸው የት እንደሚያልቅ ለማወቅ እሱን አልጠበቁም፤ ግመላቸውን የሚያጠጡበት ነው። ስለ ቴሲገር ለእኛ የሚጥመው ግን ሌላ ነው፦ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፣ በ1910፣ አባቱ በሚመሩት የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ ከእንጦጦ ግርጌ። ያ ግቢ ያለበት ተዳፋት የአዋሽ ተፋሰስ ነው። የወንዙን መጨረሻ ፍለጋ የሄደው ሰው በሕፃንነቱ ያየው ጎርፍ ወደዚያው ሐይቅ የሚሄድ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ከአቤ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በቀጥታ ሲለካ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሐይቁም ከባሕሩ ከፍ ያለ ነው። ታዲያ ውሃው ለምን አልወረደም? የመጀመሪያው ምክንያት የመሬቱ ቅርጽ ነው። አፋር ሦስት የምድር ቅርፊት ክፍሎች፣ የአፍሪካ፣ የሶማሌና የዓረብ፣ እርስ በርስ የሚራራቁበት ቦታ ነው፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እዚህ ሰምጧል፣ እዚያ ቆሟል። በአቤና በባሕሩ መካከል እንዲህ ያሉ የቆሙ ሸንተረሮች አሉ። አቤ ወደ ባሕር እንዲፈስ ከከበበው ጠርዝ ዝቅተኛውን እስኪያልፍ ድረስ መሙላት አለበት። ታዲያ ሁለተኛውና ወሳኙ ጥያቄ ለምን አይሞላም የሚለው ነው፤ ውሃ ያለማቋረጥ ይገባበታልና።

መልሱ ትነት ነው፤ ትነት ማለት ውሃ በሙቀት ወደ እንፋሎት ተለውጦ አየር ውስጥ መግባቱ ነው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰፊ ሳፋ ያስቡ፤ ቀጭን የቧንቧ ውሃ ይገባበታል። ውሃው በሳፋው ወለል ላይ ትንሽ ቦታ ሲይዝ የሚተነው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ይጨምራል። ሲጨምር ይሰፋል፤ ሲሰፋ ፀሐይ የሚያገኘው ገጽ ይበዛል፤ ትነቱም ይበዛል። በመጨረሻ የሚገባውና የሚተነው እኩል ሲሆኑ ውሃው ባለበት ይቆማል፤ ሳፋው ግን አልሞላም። አቤ ሐይቅ እንዲሁ ነው።

በቁጥር እናድርገው። በዚያ ሙቀት ከሐይቅ ገጽ ላይ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ውሃ ይተናል። ለስሌት እንዲመች 2 ሜትር እንበል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ሚሊዮን ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር የሐይቅ ገጽ በዓመት 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለአየር ይሰጣል። ወንዙ በዓመት 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቢያስገባ ሐይቁ የሚረጋው 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰፋ ነው። ወንዙ 300 ሚሊዮን ብቻ ቢያመጣ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ግንኙነቱ ግን ትክክለኛው ነው፦ የሐይቁ ስፋት የሚገባው ውሃ ለትነቱ ሲካፈል ነው። የወንዙን መነሻ ሰዎች በስምምነት እንደሚያስቀምጡት አይተናል፤ መጨረሻውን ግን ይህ ማካፈል ያስቀምጠዋል፣ በማንም ፈቃድ አይለወጥም።

ስሌቱ እውነት ለመሆኑ ማስረጃው መሬቱ ላይ ቆሟል። በአቤ ዳር፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል፣ ረጃጅም የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ። የተሠሩት በሐይቁ ወለል ላይ ፍል ውሃ ሲፈልቅ፣ በውስጡ የሟሟው ማዕድን ከሐይቁ ውሃ ጋር ሲገናኝ እየረጋ ስለተከመረ ነው። ዓምዶቹ በውሃ ውስጥ ካልሆነ አይሠሩም፤ ዛሬ ግን በደረቅ መሬት ላይ ናቸው። ስለዚህ በጥንት እርጥብ ዘመን ሐይቁ ከዛሬው እጅግ ከፍ ብሎና ሰፍቶ ነበር። በቅርቡ ዘመንም፣ በተለይ ካለፈው ምዕት ዓመት አጋማሽ ወዲህ፣ ሐይቁ ሸሽቷል፤ ከላይ ለመስኖ የሚወሰደው ውሃ አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው። ሸንኮራውና ጥጡ የሚጠጡት ውሃ መተኑ አልቀረም፣ ሐይቁ ላይ መተን ሲገባው ማሳው ላይ ተነ እንጂ። በአንጻሩ ከመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ፣ እሱም በተፈጥሮው መውጫ የሌለው፣ ከመሬት በታች የሚገባው ውሃ ስለጨመረ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሰፍቶ መንገድና ማሳ ዋጥ አድርጓል። ስሌቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚገባው ውሃ ነው።

እንዲህ መውጫ የሌለው ተፋሰስ ዝግ ተፋሰስ ይባላል፤ ከክፍቱ የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነው። ዓባይ የሟሟበትን ጨው ወደ ባሕር ያራግፋል። አዋሽ ማራገፊያ የለውም። ውሃ ሲተን ውሃው ብቻ ነው የሚሄደው፤ ጨው ይቀራል። የወንዝ ውሃ ለምላስ ጨው የለውም፤ በአንድ ሊትር ሩብ ግራም የሟሟ ማዕድን ቢኖረው እንኳ አናውቅም። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ውሃ ሲተን 250 ቶን ማዕድን ትቶ ይሄዳል። ይህ በየዓመቱ፣ ለሺህ ዓመታት ሲደጋገም ነው አቤ ሰው የማይጠጣው ሶዳማ ውሃ የሆነው፤ ፍላሚንጎዎች ግን ይስማማቸዋል። በመስኖ ማሳ ላይም ያው ነገር ይሠራል፤ ውሃው በደንብ ካልተንጠፈጠፈና ካልፈሰሰ ጨዉ አፈር ላይ ይቀርና ማሳውን ያመክነዋል። በመካከለኛው አዋሽ በዚህ ምክንያት ከእርሻ የወጣ መሬት አለ።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ፋብሪካዎችና ቤቶች ወደ ቀበናና አቃቂ የሚለቀቀውም ነገር «ወንዙ ወሰደው» ተብሎ የሚረሳ አይደለም። ተበልቶ የሚጠፋው ይጠፋል፣ ባክቴሪያ ያፈራርሰዋል። የማይጠፋው፣ ለምሳሌ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ከደለል ጋር ተጣብቆ ወይ አባ ሳሙኤል ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ወይ ቆቃ፣ ወይም በአቃቂ ውሃ የሚጠጣ የጎመን ማሳ ላይ። ከተፋሰሱ ውጪ የሚወስደው ጅረት የለም።

ከተፋሰሱ የሚወጣው እንፋሎቱ ብቻ ነው። አቤ ላይ የተነው ውሃ ነፋሱ ወደነፈሰበት ይሄዳል፤ ከፊሉ ባሕር ላይ፣ ከፊሉ ሌላ አገር ላይ ይዘንብ ይሆናል፤ ከፊሉም የወሎን ዳገት ሲወጣ ቀዝቅዞ እንደገና ዝናብ ሊሆን ይችላል። የኡራኤሉን ጠብታ እስከዚህ በካርታ ተከትለነዋል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ሥራ ነው።